ከተገለበጠ ኳድ ባይክ ሥር የምትተርፍ ክፍተት

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ገበሬው አጥር ሊያይ ወይም ፀረ አረም ሊረጭ ባለ አራት ጎማ ሞተሩን፣ ኳድ ባይኩን፣ አስነስቶ ይወጣል። መሬቱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ያቺን ተዳፋት መቶ ጊዜ አቋርጧታል። ዛሬ ግን ሣሩ ውስጥ የተደበቀ ጉቶ አለ። የላይኛው ጎማ ጉቶው ላይ ይወጣል፤ ሞተሩ ወደ ታች ያዘነብላል። ፍጥነቱ በሶምሶማ የሚሮጥ ሰው የሚደርስበት ነው። ነጂው ለመዝለል ጊዜ ያለው ይመስለዋል። እግሩን ሳያወጣ ሞተሩ በጎኑ ይወድቅና ላዩ ላይ ያርፋል።

አጥንቱ ላይሰበር ይችላል። ጭንቅላቱም ደህና ሊሆን ይችላል። የሚገድለው ደረቱ ላይ የተቀመጠው ክብደት ነው። ለእርሻ ሥራ የሚሸጥ ኳድ ባይክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ በላይ የሚመዝንም አለ። ሰውየው አየር ሲያስወጣ ደረቱ ዝቅ ይላል፤ ብረቱም አብሮ ዝቅ ይላል። መልሶ አየር ሊስብ ሲል ደረቱ የሚነሳበት ቦታ የለውም። አንጎል ኦክስጅን ካጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ እጁ ግን አይደርስም። ቤተሰቡ ፍለጋ የሚወጣው እራት ቀርቦ እሱ ሲጠፋ ነው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍኩት ሰው ላስደነግጥ ብዬ አይደለም። ስለ ኳድ ባይክ ደህንነት ዓመታት የፈጀው ክርክር የሚፈታው እዚህች ተዳፋት ላይ ስለሆነ ነው። ይህን ሰው ምን ያድነው ነበር? ሥልጠና? ሄልሜት? ጥንቃቄ? ወይስ ከደረቱና ከሞተሩ መካከል የምትቀር አንዲት ክፍተት?

ጉዳዩ ከሁሉም በላይ ያነጋገረው አውስትራሊያን ነው። በዚያ አገር ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በኳድ ባይክ አደጋ በዓመት በአማካይ 16 ሰው ገደማ ይሞት ነበር። በየቀኑ ደግሞ ስድስት ያህል ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሆስፒታል ይሄዱ ነበር። ኳድ በአውስትራሊያ እርሻዎች ላይ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ከሟቾቹ ውስጥ ልጆች አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ማሽን ሲነዱ የኖሩ አዛውንቶችም አሉ። ለብዙዎቹ ሞት መነሻው የማሽኑ መገልበጥ ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ የሚገለበጠው? መልሱ አሠራሩ ላይ ነው። ኳድ ጠባብ ነው፤ ከመሬትም ከፍ ይላል። ነጂው ደግሞ እንደ ፈረስ ላዩ ላይ ይፈናጠጣል። ስለዚህ የጠቅላላው ክብደት ማዕከል ወደ ላይ ይወጣል። 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው 300 ኪሎ ማሽን ላይ ሲቀመጥ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነው ሰውየው ራሱ ነው። ሰውየው ትንሽ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድል ሚዛኑ አብሮት ይሄዳል።

ሌላም አለ። ብዙ የእርሻ ኳዶች የኋላ ዲፈረንሻል የላቸውም። መኪና ሲዞር የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ይሽከረከራል፤ ዲፈረንሻል ሥራው ይኼ ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ነው የሚዞሩት። ደረቅና ጎማ በሚይዝ መሬት ላይ ማሽኑ መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ መሄድ ያምረዋል። ነጂው ማኑብሪዮውን አጥብቆ ሲጠመዝዝ ጎማው ድንገት ይይዝና ኳዱ በውጪው ጎኑ ይገለበጣል። የነዳጅ መስጫው በአውራ ጣት የሚገፋ መሆኑም ሌላ ጣጣ ነው። ማሽኑ ሲነጥር ሰው በደመ ነፍስ ማኑብሪዮውን ጨብጦ ይይዛል፤ በዚያው ቅጽበት አውራ ጣቱ ነዳጅ ይሰጣል።

ጎማዎቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ግፊታቸው በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ 5 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ የመኪና ጎማ ግን 30ዎቹ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ደረጃ የግራና የቀኝ ጎማ በ1 ፒኤስአይ ቢለያዩ ማሽኑ ወደ አንድ ጎን መጎተት ይጀምራል። ለመኪና የተሠራው መለኪያ ይህችን ትንሽ ልዩነት በቅጡ አያሳይም። እዚህ ላይ የመድኃኒት መርጫ ታንከር ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፤ ያውም ከፍ ብሎ የተጫነ። ታንከሩ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ውኃው ወደ ተዳፋቱ ይንሸራተትና ክብደቱን ልክ በማይፈለግበት ሰዓት ወደ ታችኛው ጎማ ያዞራል።

ይህ ማሽን ለብዙ ዓመታት የተሸጠው "በየትኛውም መሬት ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ" በሚል ስም ነው። ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው። በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ግን የት የት መሄድ እንደሌለበት የሚዘረዝር ረጅም ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ ነገር በስሙ "ሁሉም ቦታ እሄዳለሁ" እያለ በመመሪያው "እዚህ አትውሰዱኝ" ሲል የቱን እንመን? ገበሬ ደግሞ ስሙን እንጂ መመሪያውን ይዞ ማሳ አይገባም።

የአምራቾቹ መልስ ሁልጊዜ ወደ ነጂው ያመለክታል። ኳድ የሚነዳው በሰውነት ነው ይላሉ፤ ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ ተዳፋት ላይ ወደ ላይኛው ጎን ማጋደል ያስፈልጋል። ረጅሙ ወንበር የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ነጂው እንዲንቀሳቀስበት እንጂ ሰው እንዲያፈናጥጥበት አይደለም። (ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ልጃቸውን ከኋላ ጭነው ይሄዳሉ።) ሥልጠናው ጠቃሚ ነው፤ አልክድም። ግን ከጧት ጀምሮ ሲሠራ የዋለ፣ ጉልበቱ የሚያመው፣ ሐሳቡ ከጠፉት ጊደሮች ጋር የሆነ የ65 ዓመት ሰው በየጉቶው ላይ እንደ ሰርከስ ተጫዋች ይንቀሳቀሳል ብሎ መጠበቅ ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው።

እንዲህ ያለ ሙግት በትራክተር ጊዜም ነበር። ትራክተር በብዛት እርሻ ውስጥ ሲገባ ብዙ ገበሬ እየተገለበጠበት ሞቷል። ያኔም የመጀመሪያው መልስ "ተጠንቅቃችሁ ንዱ" ነበር። ስዊድን ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ሌላ መንገድ ወሰደች። አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ ብረት እንዲኖረው በሕግ አስገደደች። ትራክተሩ መገልበጡን አላቆመም። ሰው መሞቱን ግን እያቆመ ሄደ። በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ከመገልበጥ ጋር የተያያዘው ሞት ከሞላ ጎደል ጠፋ። የስዊድን ገበሬ በድንገት ጠንቃቃ አልሆነም። የተቀየረው ሲሳሳት የሚገጥመው ነገር ነው።

ኳዱ ራሱ የተወለደው ከሌላ አደገኛ ማሽን ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ያወጣው ባለ ሦስት ጎማ ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጣም ተሸጠ፤ በጣምም ገደለ። በመጨረሻ አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ ፍርድ ቤት በ1988 ባጸደቀው፣ አዲስ ባለ ሦስት ጎማ መሸጥ አቆሙ። አራተኛው ጎማ ሲጨመር ብዙ ሰው ችግሩ ያለቀ መሰለው። ተቃለለ እንጂ አላለቀም።

ኳድ ላይ ወደሚገጠመው የነጂ መከላከያ ብረት እንምጣ። አውስትራሊያ ውስጥ የታወቀው ዓይነት ኳድባር ይባላል። ሲያዩት የፀጉር መያዣ ይመስላል፤ ከነጂው ጀርባ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጫፉ የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው። ከታች በመጎተቻው ጋንቾ በኩል ይታሰራል፤ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ጋር ደግሞ በቡሎን ይያያዛል። ክብደቱ 10 ኪሎ አይሞላም። ነጂውን አያስርም፤ ጣሪያ የለውም፤ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከጀርባው መኖሩ እንኳ ብዙም አይታወቀውም።

ማሽኑ በጎኑ ሲወድቅ ብረቱ መሬት ይነካና መንከባለሉን ብዙ ጊዜ እዚያው ያስቆመዋል። እስከ መጨረሻው ቢገለበጥ እንኳ ሙሉ ክብደቱ ሰው ላይ አያርፍም። ከወንበሩና ከመሬቱ መካከል ክፍተት ይቀራል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ደረት ይነሳል፣ ይወርዳል። ሰውየው በደረቱ እየተሳበ ሊወጣ ይችላል፤ እግሩ ቢያዝ እንኳ እየተነፈሰ ይጠብቃል።

ሌላው ዓይነት ኒው ዚላንድ ውስጥ የተሠራው ላይፍጋርድ ነው። እሱ ደግሞ ቅስት ነው፤ በገመድ እንደተሰኩ ዶቃዎች ከተያያዙ ቁርጥራጮች የተሠራ ስለሆነ ይለመጣል። ሰው ላይ ቢያርፍ በሰውነቱ ቅርጽ ይታጠፍለታል፤ ማሽኑን ግን ከሰውየው ላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሐሳቡ አንድ ነው።

አምራቾቹና እነሱን የሚወክለው የአውስትራሊያ የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ማኅበር ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የኮምፒውተር ማስመሰያ ጥናቶችን ጠቅሰው ብረቱ የሚያድነውን ያህል ሊጎዳ ይችላል አሉ። ከማሽኑ ተወርውሮ የሚወድቅ ሰው ብረቱ ሊመታው ይችላል፤ ቅርንጫፍም ሊይዘው ይችላል። ይህን ሥጋት እንዲሁ መናቅ ልክ አይመስለኝም። ብረት ብረት ነው።

የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ማሽኖቹን ላብራቶሪ አስገብተው እያዘነበሉና እየገለበጡ ፈተኗቸው። የሞት ምርመራ መዝገቦችንም አንድ በአንድ አገላብጠው አነበቡ። እዚያ ያገኙት ልዩነት ለእኔ የክርክሩ ቁልፍ ነው። ለመዝናኛ በፍጥነት የሚነዱት ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ተወርውረው በሚደርስባቸው ምት ነው። እርሻ ላይ የሚሞቱት ግን በብዛት በዝግታ እየሄዱ ተገልብጦባቸው፣ ሥሩ ተጭነው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። ብዙዎቹ ክብደቱ ቢነሳላቸው በሕይወት ይቆዩ ነበር። ስለዚህ "ብረቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?" የሚለውን ጥያቄ ለብቻው መመለስ አይቻልም። ለማን? በምን ፍጥነት? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተዳፋቱ ላይ ላለው ገበሬ መልሱ ግልጽ ነው።

ሟቾቹን ምን እንደገደላቸው የመረመሩ ዳኞችም ወደዚያው አዘነበሉ። በአውስትራሊያ ግዛቶች፣ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በታዝማኒያ ደግሞ በ2017 የሞት መንስኤ መርማሪ ዳኞች ብዙ የኳድ ሞቶችን በአንድ ላይ አይተው ምክረ ሐሳብ ሰጡ። የቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ አልጠበቀችም። በ2016 የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቷ መገልበጥ በሚያሰጋበት የሥራ ቦታ ብረቱ መገጠም እንዳለበት አስታወቀ። መንግሥቷም 6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበ፤ ብረት ለሚያስገጥም ገበሬ እስከ 600 ዶላር፣ ኳዱን ትቶ ሌላ የተሻለ ተሽከርካሪ ለሚገዛ ደግሞ እስከ 1,200 ዶላር። ትእዛዝና ገንዘብ አብረው መምጣታቸውን ወድጄዋለሁ። ገበሬን "አድርግ" ብሎ ሂሳቡን ለብቻው መተው ቀላል ነበር።

አገር አቀፉ ሕግ የመጣው በኦክቶበር 2019 ነው። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ያዘጋጀው የደህንነት ደረጃ በሁለት እርከን ሥራ ላይ ዋለ። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ ኳድ የመገልበጥ አደጋን የሚያስጠነቅቅ ምልክት እንዲለጠፍበት፣ በስንት ዲግሪ ተዳፋት ላይ ሚዛኑን እንደሚስት ተፈትኖ ውጤቱ መሸጫው ቦታ ላይ በሚንጠለጠል ካርድ እንዲጻፍ ተደረገ። ይህ ካርድ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን ገዢው የሞተሩን ጉልበት እንጂ የቱ ማሽን ቶሎ እንደሚገለበጥ የሚያወዳድርበት ምንም አልነበረውም።

ከኦክቶበር 11 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ለእርሻና ለመሰል ሥራ የሚሸጥ አዲስ ኳድ ሁሉ የነጂ መከላከያ ብረት ተገጥሞለት ወይም አብሮት ተሠርቶ እንዲሸጥ ግዴታ ሆነ። የሚዛን መለኪያም ወጣ። ማሽኑ የሚዘነብል ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ወደ ጎን 29 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ በሁለት ጎማ መቆም የለበትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደግሞ 39 ዲግሪ ገደማ ድረስ መቻል አለበት።

ሆንዳንና ያማሃን ጨምሮ ትልልቆቹ አምራቾች ይህን አልቀበልም ብለው ኳዳቸውን ከአውስትራሊያ ገበያ እንደሚያወጡ አስታወቁ። ሲኤፍሞቶን የመሰሉት ደግሞ ብረቱን ገጥመው መሸጥ ቀጠሉ። ብዙ ገበሬ ተናደደ። አሥር ዓመት ያገለገለውን፣ መለዋወጫው በየከተማው የሚገኘውን ማሽን ማጣት ቀላል አይደለም። ንዴቱ ይገባኛል። ያላሳመነኝ የአምራቾቹ ምክንያት ነው። አንድ ኩባንያ ለዕቃ መጫኛ የሚሆን ሻንሲ ሠርቶ፣ ቦታውን ቀይሶ፣ ከዚያ የሰው ደረት የሚያተርፍ ቱቦ ማሰር አልችልም ሲል ለመቀበል ይከብዳል።

እርግጥ ብረቱ ሁሉን ነገር አያደርግም። ጭንቅላትን አይጠብቅም፤ ለእሱ ሄልሜት ያስፈልጋል። አየርላንድ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ኳድ ለሥራ የሚነዳ ሰው እውቅና ያለው ሥልጠና እንዲወስድና ሄልሜት እንዲያደርግ በሕግ ያዘዘችው ለዚህ ነው። ኒው ዚላንድም የአደጋ ካሣ ተቋሟ ብረት ለሚያስገጥሙ ገበሬዎች ድጎማ ሰጥቷል፤ ማስገደዱን ግን አልደፈረችውም።

ልጆችን ደግሞ ብረቱ አይታደጋቸውም። ትልቅ ሰው የሚነዳው ኳድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልተሠራም። ልጅ ክብደቱ ማሽኑን አይመልስም፤ እግሩ መርገጫው ላይ በቅጡ አይደርስም፤ ፍርዱም ገና ነው። እርሻ ላይ ያደገ ሰው "እኔም በልጅነቴ ነድቻለሁ" ይላል። እውነቱን ነው። ይህን ማለት የሚችሉት ግን የተረፉት ብቻ ናቸው።

ገንዘቡ ያለው ሰው ከነጭራሹ ኳዱን ትቶ ጎን ለጎን የሚቀመጡበትን ትንሽ የእርሻ ተሽከርካሪ ቢገዛ ይሻለዋል። ሰፋ ይላል፤ መሪ አለው፤ ጣሪያው ሲገለበጥ የሚጠብቅ ብረት ነው፤ ቀበቶም አለው። ችግሩ ቀበቶው ላይ ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ በር ለመክፈት የሚወርድ ሰው ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ አዙሮ ይቆልፈውና የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ያጠፋል። ያን ጊዜ ሲገለበጥ ሰውየው በግማሽ ይወጣና ያ ጠባቂ ብረት ራሱ ያርፍበታል።

አሁን ትልቁ ሥራ የቀረው በየመጋዘኑ ነው። ሕጉ የሚነካው አዲስ የሚሸጠውንና ከውጭ የሚገባውን አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ወይም በ2014 የተገዛው፣ ወንበሩ የተቀደደው፣ አሁንም በአንድ ንክኪ የሚነሳው ኳድ ሕጉ ሳያየው ነገም ተዳፋቱን ያቋርጣል። የሚነዳውም ብዙ ጊዜ የቤቱ ትልቅ ሰው ነው፤ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። ብረቱን አዝዘው፣ አንድ ቅዳሜ መጥተው፣ ጋንቾውን ፈትተው ቢያስሩለት ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅባቸውም። በዚያው የጎማዎቹን ግፊት በትንሽ መለኪያ ያዩለት፤ የታንከሩንም ክብደት። ሲወጣ በየት በኩል እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ይንገር፤ ስልኩንም ከኋላ ኪሱ አውጥቶ ደረት ኪሱ ያድርገው። እጁ የሚደርስበት ቦታ እዚያ ነው።